የእመቤት ጨጓራ

"አንጀቴን በላችው እኮ!" አለች ሙሽሪት በስልክ። "ምግብ ከዘጋት ሰነበተች። የቀመሰቻትንም መልሳ ታወጣታለች። ከስታ ከስታ ጎድኗ ይቆጠራል። እኛ ደግሞ ዛሬ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል እያልን እጃችንን አጣጥፈን አየናት። ሰው ነን እኛ? ዛሬማ ሐኪም ሳያያት አትውልም።"

እታለም ይህን የሰማችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ የጥርስ ብሩሹን አፏ ውስጥ እንደያዘች ነው። በመታጠቢያ ቤቱና በኩሽናው መካከል ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ማንኪያ ከብርጭቆ ሲጋጭ እንኳ ይሰማል። ሆን ብላ የምታዳምጥ እንዳይመስልባት ውኃውን ከፈተችው፤ ወዲያው መልሳ ዘጋችው። ስልክ ቤት ኦፕሬተር ሆና ያረጀች ሴት ናት፤ እሷ ጡረታ ብትወጣም ጆሮዋ ገና ሥራ አለቀቀም። እንባዋ መጣ። ጨጓራዋ ማቃጠል ከጀመራት ቆይቷል። መጀመሪያ ላይ ለወንድሟ ነግራው ነበር፤ "ጨጓራ የሌለበት ሰው ማን አለ እታለም? ዘመኑ ነው" አላት። ለሚስቱም ነገረቻት፤ "ሻይ ቀንሺ" አለቻት። ሻይ ቀነሰች። ቀጥሎ ቃሪያ ተወች፣ ቀጥሎ ቲማቲም፣ ቀጥሎ መናገሩን ተወች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች፤ ሆዷም እሷኑ ይፈጃት ጀመር። እና አሁን፣ አላዩኝም ስትል፣ ለካ አይተዋታል። ያቺ ሴት ጎድኗን ሳይቀር ቆጥራላታለች። ስንት ጊዜ በልቧ ያማቻት ሴት! እታለም ፊቷን ታጠበችና በመስታወቱ ውስጥ ራሷን በተግሣጽ ዓይን ተመለከተች።

መኝታ ክፍሏ ከኩሽናው ቀጥሎ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። አልጋዋ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑና የካውያው ጠረጴዛ ተፋፍገው ይኖሩባታል፤ ማሽኑ ሲዞር አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰማያዊ ቀሚሷን አወጣች። ሐኪም ፊት የሚቀርብ ሰው የውስጥ ልብሱም ንጹሕ መሆን አለበት ብላ እሱንም ቀየረች። ጫማዋን በጨርቅ ወለወለች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ንጹሕ መሐረብ ጨመረች። ከዚያ እንደምትጠየቅ ሙሽራ ፈገግታዋን ለመሸሸግ እየታገለች ወደ ሳሎን ወጣች።

ሙሽሪት የምትባለው የወንድሟ ሚስት ናት። ከተጋቡ የሰርጋቸው ፎቶ ቢጫ እስኪሆን ድረስ ቆይተዋል፤ እታለም ግን በመጀመሪያው ቀን የጠራቻትን ስም አልለወጠችም። ሙሽሪት እታለምን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ውይ እታለምዬ፣ ለብሰሽ ጠበቅሽኝ! ማን ነገረሽ?"

"ሰማሁ" አለች እታለም፣ ቀሚሷን እያስተካከለች።

"እግዜር ይስጥሽ። ባንክ የጠዋት ስብሰባ አለብኝ፤ እሱም የተጋጨ መኪና ሊያይ ከከተማ ወጣ ይላል። ማን ይወስዳታል እያልኩ ስጨነቅ ነበር። አንቺ ካደረስሻት ሐሳብ የለኝም፤ አንቺን ትወዳለች።"

ጠረጴዛው ላይ፣ የቁርሱ ሳህን ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ፣ መስኮት ያለው የፕላስቲክ ቅርጫት ተቀምጧል። በመስኮቱ ውስጥ እመቤት ትታያለች። እመቤት ድመቷ ናት፤ ግራጫ፣ ደረቷ ላይ ነጭ ያለባት። ስሟን ያወጣላት ወንድምየው ነው፤ በዚያ ቤት እመቤት ጠፍቶ ግን አይደለም። እታለም ቅርጫቱን አየች፣ ቀሚሷን አየች፣ መጨረሻ ላይ መሬቱን አየች። አሁን ምን ልትል ነው? እኔን መስሎኝ ነበር ይባላል?

ወንድሟ ቅርጫቱን ራሱ ተሸክሞ ደረጃውን ወረደ። የመድን ድርጅት ውስጥ ጉዳት ገማች ነው፤ የተጋጨ መኪና አንዴ ዞሮ ካየ፣ ቀለሙ ሳይነካ ውስጡ የተሰበረውን ይናገራል ተብሎ የተመሰከረለት። ታክሲ አስቁሞ ቅርጫቱን ከኋላ አስቀመጠና ቀበቶ አሰረለት። እታለም በሌላው በር ገብታ ከጎኑ ተቀመጠች። "ቀስ ብለህ ንዳ፣ ታማለች" አለው ሹፌሩን፤ በሩንም እንዳይጮህ ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሹፌሩ ጥቂት እንደሄደ በመስታወቱ አያት። "እግዜር ይማርዎት እማማ።"

"እኔ አይደለሁም። ድመቷ ናት።"

ሹፌሩ አንድ ሙሉ መንገድ ያህል አሰበበት። "እሷንም ይማራት" አለ በመጨረሻ።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከሕንፃ ሥር ነው፤ በግራው የመነጽር መሸጫ፣ በቀኙ የልብስ ንጽሕና ቤት አለ። ውስጡ ከሰው ሐኪም ቤት ይልቅ ንጹሕ ነው። ወንበሮቹ ለስላሳ ናቸው፣ መስኮቱ ሥር ውኃ የተሞላ ጎድጓዳ ሳህን አለ፣ ግድግዳው ላይ የአገልግሎቱ ዋጋ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። እታለም ከላይ ወደታች አነበበችው። የጥፍር መቁረጫው ጋ ስትደርስ ሳታውቀው የራሷን ጥፍሮች አየች። ከአጠገቧ ሹራብ የለበሰ ውሻ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

"የኔው ስኳር አለበት" አሉ ሽማግሌው፣ ሳትጠይቃቸው።

"ጣፋጭ ይወዳል እንዴ?"

"የምወደውስ እኔ ነኝ። የያዘው እሱን ነው።"

ካርድ የምታወጣው ልጅ "የታማሚዋ ስም?" ብላ ስትጠይቅ እታለም አፏን ከፍታ የራሷን ስም ልትናገር ምንም አልቀራትም። "እመቤት" አለች። ልጅቷ ስሙን አሳምራ ጻፈችውና "እመቤት ይግቡ" አለች፤ እታለም ለማን እንደተባለ ሳይገባት ቅርጫቱን አንስታ ገባች።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባለች። እመቤትን ከቅርጫቱ አውጥታ በብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠቻት፣ ድዷን ገልጣ አየች፣ ሆዷን በሁለት እጇ ቀስ እያለች ዳሰሰችው። ዳሰሳው እስኪያልቅ አንዴ እንኳ አልተቻኮለችም። እታለም እጆቿን በዓይኗ ትከተል ነበር። እንዲህ አድርጎ ሆዷን የዳሰሳት ሰው መኖሩን ለማስታወስ ብትሞክር እናቷ ብቻ ትዝ አለቻት።

"መቼ ነው የሚብሳት? ከበላች በኋላ ነው ወይስ ባዶ ሆዷን ስትሆን?" ስትል ሐኪሟ ጠየቀች፣ ለመጻፍ እስክሪብቶ እያነሳች።

"ባዶ ሆዷን" አለች እታለም። "ጎህ ሲቀድ ይነሳባታል። መጀመሪያ እዚህ፣ ከደረቷ በታች፣ እንደ ፍም ያቃጥላታል። ከዚያ ወደ ጀርባዋ ይዞራል። ቁራሽ ዳቦ ስትቀምስ ጋብ ይልላትና ደግሞ ይመለሳል። ጎኗን ይዛ ትተኛለች። ለሰው መናገርም አትወድም፤ ሰውን ማስቸገር መስሎ ይታያታል።"

እስክሪብቶው ቆመ። ሐኪሟ ቀና ብላ እታለምን አየቻት፤ አስተያየቷ ድመቷን ስታይ ከነበረው አልተለየም።

"እማማ፣ ድመቷ ዳቦ ትበላለች?"

የእታለም ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። "እሷ እንኳ አትበላም" አለች።

ሐኪሟ አልሳቀችም። የድመቷን ሕመም እንደገና፣ አንድ በአንድ ጠየቀቻት፤ እታለምም በዚህኛው ዙር የእመቤትን ብቻ መለሰች፤ ከበላች በኋላ እንደምታስመልስ፣ አረፋ እንደምታወጣ፣ ሳህኗ ፊት ተቀምጣ ሳትቀምስ እንደምትሄድ። ነገሩ የሰነበተ ስለሆነ በካሜራ ውስጧን ማየት ይሻላል ተባለ። ለባለቤቱ ተደወለ። የወንድሟ ድምፅ ከስልኩ ማጉያ ወጥቶ ክፍሉን ሞላው፤ "ይደረግላት! ስለ ዋጋው አታስቡ፣ ዋናው ጤና ነው!" እታለም ግድግዳውን አየች። ባለፈው ክረምት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ የነበረች ሴት ስለዚሁ ካሜራ ነግራት፣ ማታ ራት ላይ አንሥታው ነበር። ወንድሟ ጉርሻውን ሳይውጥ "ለጨጓራ ደግሞ ካሜራ? ፎቶ ሊያነሱሽ ነው?" ብሎ ሳቀ፤ ሙሽሪትም ሳቀች፤ እታለምም ብቻዋን ላለመቅረት አብራ ሳቀች።

እመቤት ማደንዘዣ ተወጋች። ቀጭኑ ቱቦ በአፏ ሲገባ እታለም ውጭ ልትጠብቅ ተነሥታ ነበር፤ ሐኪሟ ግን "ካልፈሩ እዚሁ ይቆዩ" አለቻት። በቴሌቪዥን መሰል መስታወቱ ላይ እርጥብ ሮዝ ግድግዳ ታየ፤ እጥፋት እጥፋቱ ላይ አሸዋ የተረጨበት ይመስል ቀያይ ነጠብጣብ አለ። አንዳንዱ ቦታ ላይ ሊደማ ደርሷል። እታለም እጇን ቀሚሷ ላይ፣ ከደረቷ በታች አሳረፈች። እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል ብላ ለድመቷ አዘነች። ሐኪሟ በቱቦው ጫፍ የሩዝ ፍሬ የማታህል ቁራጭ ከግድግዳው ቆረጠችና ቢጫ ፈሳሽ ውስጥ ጣለቻት። ጥቂት ሲቆይ ቢጫው ወደ ሮዝ ዞረ።

"ባክቴሪያ አለባት" አለች ሐኪሟ ጓንቷን እያወለቀች። "ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ነው። ብዙ ድመቶች ላይ ሳያሳምማቸው ይኖራል፤ የሷን ግን አቁስሏታል። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች ትድናለች።" ከዚያ እጇን እየታጠበች፣ ጀርባዋን እንደሰጠች ጠየቀች። "እቤት ውስጥ ጨጓራ የሚያመው ሰው አለ?"

"እኔ ነኝ" አለች እታለም በዝቅተኛ ድምፅ፣ ጥፋት እንደያዙባት ሁሉ።

"ገምቼ ነበር። ተመርምረው ያውቃሉ?"

"ጨጓራ የሌለበት ሰው የለም ይሉኛል።"

"ማን ነው የሚለው?" ሐኪሟ ዞረች። "ይስሙኝ እማማ። የሷና የእርስዎ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ ዓይነቱ ለየቅል ነው። ከድመት ወደ ሰው የሚተላለፈው ከስንት አንዴ ነው፤ ከሰው ወደ ድመትም እንደዚያው። ስለዚህ ስለ ድመቷ ብዬ አይደለም የምነግርዎት። ይታዩ። ለራስዎ ብለው።"

እታለም ወደ ቤት ስትመለስ መንገዱን ሙሉ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ስታላምጥ ነበር። ለራስዎ ብለው። እንደ ባዕድ አገር ምግብ ሆነችባት፤ ጣፋጭ ትሁን መራራ መለየት አቃታት። እቤት ገብታ ለእመቤት የዶሮ ሥጋ ቀቀለች፣ አጥንቱን ለቀመች፣ በጣቷ ፈትጋ አለዘበችው፣ መድኃኒቱን አድቅቃ ከመረቁ ጋር አዋሐደችው። ድመቷ ከማደንዘዣው ገና በደንብ አልነቃችም፤ የእታለም አልጋ ላይ ተጋድማ በአንድ ዓይኗ ታያታለች። እታለም ከሥጋው አንድ ቁራጭ ወደ አፏ አስጠጋችና ቃሩ ሲመጣባት መልሳ አስቀመጠችው። ሰማያዊ ቀሚሷን አላወለቀችም።

የዚያን ቀን ባልና ሚስቱ ሁለቱም ከሥራ በጊዜ መጡ፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤቱ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ሙሽሪት ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች፣ አልጋው ጫፍ ተንበርክካ የእመቤትን ጆሮ እያሻሸች "የኔ እናት፣ የኔ ጎበዝ" አለቻት። ወንድምየው በሩ ላይ ቆመ።

"ሐኪሟ ምን አለች?"

"ባክቴሪያ ነው አለች። ጨጓራዋን አቁስሎታል። መድኃኒት ተሰጥቷታል" አለች እታለም። "ደግሞ፣ እቤት ውስጥ ጨጓራ የሚያመው ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።"

የሙሽሪት እጅ ድመቷ ጆሮ ላይ እንዳለ ቆመ። ባልና ሚስቱ ተያዩ፤ ከዚያ ሁለቱም እኩል እታለምን አዩ። ምናልባት ከሰርጋቸው ወዲህ እንዲህ አተኩረው አይተዋት አያውቁም።

"ከአንቺ ነው የያዛት!" አለች ሙሽሪት። "አልጋሽ ላይ እኮ ነው የምትተኛው! ሳህንሽን ትልሳለች! እኔ እኮ ብያለሁ፤ አላልኩም?"

"ቆይ፣ ቆይ" አለ ወንድምየው። "ይቺ መድኃኒቷን ጨርሳ ብትድንስ፣ እታለም እንዲህ ሆና እያለች መልሶ ይይዛታል ማለት ነው?"

እታለም አፏን ከፈተች። ሐኪሟ ከስንት አንዴ ነው ብላለች፤ ዓይነቱ ለየቅል ነው ብላለች፤ ስለ ድመቷ ብዬ አይደለም ብላለች። ሦስቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ስልክ ቤት ስትቀጠር ግን ያስተማሯት አንድ ደንብ ነበር፤ ሁለቱ ወገኖች ከተገናኙ በኋላ ኦፕሬተሯ ቃል አትተነፍስም፤ ከመስመሩ ትወጣለች። አፏን መልሳ ዘጋችው።

"በይ ተነሺ" አላት ወንድሟ። "ዛሬውኑ ትመረመሪያለሽ። ይሄ የሚቀለድበት ነገር አይደለም።"

"እኔን?"

"አንቺን ነዋ! ልበሽ።"

"ለብሻለሁ" አለች እታለም።

የሰው ሐኪም ቤቱ ወንበሮች ጠንካራ ናቸው፤ ወረፋው ግን እስከ ምሽት አላቆያቸውም። ሐኪሙ ዕድሜያቸው የገፋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚረሱ ሰው ናቸው። ለእታለም ወንበር ሳቡላት። ጥያቄው ለእሷ ቢቀርብም የሚመልሰው ወንድምየው ነበር። "ነገሩ ምን መሰልዎት ዶክተር፣ ድመታችን ታማብን…" ብሎ ጀመረና ስለ እመቤት ማስመለስ፣ ስለ ካሜራው፣ ስለ ቢጫው ፈሳሽ በዝርዝር አስረዳ። ሐኪሙ በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ "እሳቸውንስ ምን ያማቸዋል?" አሉት። ወንድምየው ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ሕመሙ ከጀመረዎት ምን ያህል ሆነዎት?" ሐኪሙ ወደ እታለም ዞሩ።

"ቅርብ ጊዜ ነው" አለ ወንድምየው።

"ከእናታችን ለቅሶ ወዲህ ነው" አለች እታለም።

እናታቸው ስትሞት እመቤት ገና አልተወለደችም ነበር። ወንድምየው ሒሳቡን በልቡ ሲሠራ ፊቱ ላይ ታየ። ሐኪሙ የእታለምን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መዳፏንም ገልብጠው አዩ። ሰገራዋ ጠቁሮ እንደሚያውቅ ጠየቋት። እታለም በወንድሟ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት አሳፍሯት ወደ መስኮቱ ዞራ "እንደ ሬንጅ ነው፤ ሰንብቷል" አለች። ደም ተቀዳ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"ዛሬ ወደ ቤት አይሄዱም። ጨጓራው ቆስሎ ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው፤ ደማቸው በጣም ወርዷል። ደም እንሰጣቸዋለን፤ ጠዋት በካሜራ ይታያሉ። ጥቂት ቢዘገዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።" ከዚያ ቤተሰቡን ለማጽናናት ይመስላል፣ ለስለስ አሉ። "ጥሩ ነው በጊዜ አመጣችኋቸው። ማን ነው ያስተዋለው?"

ወንድምየው ኮሌታውን ነካካ፤ ሙሽሪት የቦርሳዋን ዚፕ ከፍታ ዘጋች። እታለም ጨነቃት፤ ሰው ሲያፍር ማየት አይሆንላትም።

"እመቤት ናት" አለች።

ሐኪሙ ፊታቸው በራ፤ ወደ ሙሽሪት ዞረው እጃቸውን ዘረጉላት። "ጎበዝ እመቤት! ባልሽ እህቱን እንዲህ የምታይለት ሴት በማግኘቱ ዕድለኛ ነው።" ሙሽሪት እጃቸውን ጨበጠች። ፊቷ እስከ አንገቷ ቀልቷል። "ኧረ ምንም አይደል" አለች።

ክፍሉ ሦስት አልጋ ያለው ነው፤ ሁለቱ ባዶ ናቸው። እታለምን የሐኪም ቤቱን ሰፊ ልብስ አልብሰው አስተኟት፤ ሰማያዊ ቀሚሷን ሙሽሪት አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ አጣጥፋ ስታበቃ እንደገና ፈታችና ከበፊቱ አሳምራ አጣጠፈችው። የደሙ ከረጢት ከብረቱ ላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ይላል። ወንድምየው እግርጌው ላይ ቆሞ እህቱን ይመለከታል፤ ከፊቷ ወደ እጇ፣ ከእጇ ወደ ጎኗ፣ ዞሮ መጥቶ ደግሞ ፊቷ ላይ፤ መኪና ሲገምት የሚያይበት አስተያየት ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አለ።

"ነግሬህ ነበር እኮ" አለች እታለም፣ ያለ ቂም። "አስቀኸኝ ነበር።"

ወንድምየው ራሱን ደፋ። ይህን ጊዜ ነርሷ መድኃኒት የያዘ ትሪ ይዛ ገባችና የጠያቂ ሰዓት ማለቁን ነገረቻቸው።

"አንድ ሰው ብቻ ማደር ይችላል። አስታማሚ ማን ናት?"

በዚህ ቤተሰብ እናትየዋ በተኛች ጊዜ፣ ሙሽሪት ቀዶ ጥገና በተደረገላት ጊዜ፣ ወንድምየው እግሩን በተሰበረ ጊዜ ይህ ጥያቄ ተጠይቆ ያውቃል፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር። ባልና ሚስቱ ሳያስቡት ሁለቱም ቀና ብለው ወደዚያው ወደለመዱት ሰው አዩ።

"እኔ ነኝ" አለች እታለም ከአልጋው ላይ፣ ደም የሚፈስበትን እጇን ከፍ አድርጋ።

ነርሷ ሳቋ አመለጣት። ሌላ ሰው ግን አልሳቀም። ወንድምየው ቀሚሱን ከወንበሩ ላይ አንሥቶ ለሚስቱ ሰጣት፣ ኮቱን አወለቀና ተቀመጠ።